የአባቴ የውዱእ ውሃ

የፍሬን ዘይት ሲሸተኝ ዛሬም ንዴቴ ይነሳል።

ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር በአይሱዙ ጋቢና ከደጋ ገበያ ወደ ከሚሴ ስንመለስ፣ ሹፌሩ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አቆመ።

«አሊ፣ የፍሬን ዘይቱ ጎድሏል። ለሶላት የምትታጠብበትን የውዱእ ውሃህን ወዲህ በል» አለው አባቴን።

«ውሃ ይሆናል እንዴ?»

«ፈሳሽ ያው ፈሳሽ ነው። አንተ ደግሞ ሹፌር ሆንክ?»

አባቴ ሳቀና፣ «ቢስሚላህ ብለህ ጨምረው» ብሎ ኮዳውን ሰጠው።

ቁልቁለቱን ስንጋምስ የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ሰመጠ፤ መኪናው አልቆም አለ። እኔ ተረፍኩ፤ አባቴ አልተረፈም።

ሹፌሩ ለቅሷችን ላይ ተቀምጦ፣ «ፍሬኑ ፈላብኝ፤ የአላህ ቀደር ነው፤ የተጻፈ አይቀርም» አለ። ሰዉም ተቀበለው። እኔ ብረት እንዴት ይፈላል እያልኩ አደግኩ።

ጎልምሼ ፊደል ቆጥሬ፣ መካኒክም ሆኜ ነው የገባኝ። ፔዳሉ ሲረገጥ ግፊቱን ይዞ ጎማው ድረስ የሚያደርሰው ዘይቱ ነው። ውሃ ግን በፍሬኑ ግለት ይፈላል፤ እንፋሎቱ ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። የፈላው የአባቴ ውሃ ነበር። ሹፌሩም፣ ያመነውም ሰው የራሳቸውን ስንፍና አላህ ላይ ጫኑት።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሹፌር የላስቲክ ውሃ ይዞ ጋራዤ መጣ።

«ለዛሬ በፍሬን ዘይቱ ፋንታ ይቺን ጨምርልኝና ልሂድ፤ አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል» አልኩት። «አሁን እኔም አውቃለሁ። በውሃ አትነዳም፤ የመኪናውን ቁልፍ አምጣ።»