የእኔ ሕመም፣ የእኅቴ መንፈስ

ይህን የምጽፈው አንድ ሐኪም ለጠየቀኝ ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ስለ ሰጠሁና፣ መዘዙ ለእኅቴ ስለ ተረፈ ነው።

ቤታችን ቀጨኔ ነው። ታላቅ እኅቴ ሽሮ ሜዳ ባለ አንድ የባህል ልብስ ሱቅ የቀሚስ ጥልፍ ትሠራ ነበር። ሕመሟ የሚነሣው በየዓመቱ በሁዳዴ ነው፤ ለፋሲካ የሚታዘዘው ቀሚስ በሚበዛበት ወራት። ገና እህል ሳትቀምስ፣ ሁልጊዜ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ራሷን ይዛ ትንቆራጠጣለች። እናታችን ለዚህ አንድ ስም ብቻ ነበራት፦ ጾም የሚጠላ መንፈስ። በየእሑዱ ወደ እንጦጦ ጠበል ትወስዳታለች። እኅቴ ስትጮኽ ጩኸቷ ማስረጃ ሆነ፤ ፋሲካ ደርሶ ሕመሙ ሲተዋት ጠበሉ ሠራ ተባለ። በመካከል አንድ ክሊኒክ ጥርስ ነው ብሎ ሁለት መንጋጋዋን ነቀለ።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት እኔን ያዘኝ። ቀኝ ዓይኔ ሥር የጋለ ምስማር የተተከለ ያህል ነበር። እናቴ በሳምንቱ ሆስፒታል አደረሰችኝ፤ ጠበል የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም።

«ሲያምህ ትተኛለህ ወይስ ትዞራለህ?» አለ ሐኪሙ።

«እዞራለሁ።»

«ክላስተር የሚባል ራስ ምታት ነው። በብዛት የምናየው በወንዶች ላይ ነው። ከቤተሰብ እንዲህ የሚያመው ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ።

አንባቢ ነኝ፤ በመንፈሱ አላምንም ነበር። የሴት ጭንቀት ነው ብዬ ግን አምን ነበር። በሕመሟ ሰዓት ሥራ ላይ ስለምሆን፣ እሑድ ደግሞ እሷ ጠበል ስለምትሆን፣ ስትታመም በዓይኔ አይቻት አላውቅም። አሳዩኝ ብዬም አልጠየቅሁም።

ሁለት ሁዳዴ አለፈ። በሁለተኛው አሠሪዋ፣ «የኔ እናት፣ ለፋሲካ ካልደረስሽልኝ መቼ ልትደርሺልኝ ነው?» ብላ አሰናበተቻት። በማግሥቱ ከሥራ ቀርቼ ቤት ዋልኩ። ስምንት ሰዓት ላይ በልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ትመላለስ ጀመር። ግራ ዓይኗ ቀልቶ ያነባል፤ ቀኙ ደረቅ ነው። የግራ ዓይኗ ቆብ ወርዷል። እኔን ባመመኝ ክረምት በመስታወት ያየሁት የራሴ ፊት ነበር።

«ነይ፣ ሆስፒታል እንሂድ።»

ሳትቆም መለሰችልኝ፦ «አንተ ስትዞር ሐኪም፣ እኔ ስዞር ቄስ! ዛሬ ምን ተገኘ?»

በታክሲው ውስጥ የፊት ወንበሩን በጡጫ ስትደበድብ ሹፌሩ ወደ እኔ ዞረ። «ወንድሜ፣ ምጥ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ አምስት ዓመት የቆየ!» አለች እሷ።

የዕለቱ ተረኛ ሐኪም ዓይኗን አይታ ወዲያው ኦክስጅን አዘዘችላት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እኅቴ ዝም ብላ ተቀመጠች። ጭምብሉን ከአፏ ገለጥ አደረገች።

«ይኸው ነው? አየር?»

«ይኸው ነው።»

«ያንተ ሐኪም ከቤት ሌላ የሚያመው አለ ወይ ብሎ አልጠየቀህም?»

«ጠይቆኛል።»

«ምን አልከው?»

ነገርኳት። ጭምብሉን መልሳ አጠለቀች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

አምስት ሁዳዴ፤ ሁለቱ ከመልሴ በኋላ። ሁለት መንጋጋ። አንድ ሥራ።