ነብሮ የሞተ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ከሶዶ ደወለችልኝ። ውሻዋ አረፋ እየደፈቀ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ፣ መርዝ አብልተውብኝ ነው! ማን እንደሆነም አውቃለሁ!» ትላለች እያለቀሰች።

«ማን የሚለውን ተይው!» ብዬ ጮህኩባት። «ምን በላ? ምን ነካው?» ጩኸቴ እኔኑ አስደነገጠኝ።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ነብሮ የሞተ ዕለት፣ አረካ ነበርን፤ እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ፣ ከአሳቤ ይልቅ ክንዴ የሚቀድም። በልግ ነው፤ ቀዩ ጭቃ ጫማ ያወልቃል፣ ከጓዳ የጎደሬ ቅቅል ይሸታል። ውሻችንን ነብሮን ቁንጫ ስላስቸገረው፣ ጠዋት የላሞቹን የመዥገር መድኃኒት ውሃ ሳልቀላቅል እንዳለ ቀባሁት። ላም ያልገደለ ውሻ ይገድላል እንዴ? የድንቁርናዬ ብዛት!

ረፋዱ ላይ ነብሮ እንሰቱ ሥር ወድቆ ይንፈራገጥ ጀመር። እህቴ ወተት በግድ ስትግተው ትን አለው። እኔ መድኃኒቱ ትዝም አላለኝ፤ የታየኝ ጎረቤታችን አቶ መና ብቻ ነው። ነብሮ ዶሮውን ስለበላበት «አንድ ቀን አሳየዋለሁ» ብሎ ዝቶ ነበራ!

ዱላ አንስቼ ስወጣ እሱ ራሱ ባልዲ ይዞ በአጥሩ ቀዳዳ ሲገባ አገኘሁት። የሥራውን ውጤት ሊያይ የመጣ መሰለኝና ክንዱን መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ባልዲው ተገለበጠ። ጭቃው ላይ ወድቆም አልተውኩትም፤ አፉ ደም እስኪሞላ ረገጥኩት። እሱ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እጠበው! ታምሩ፣ ውሻውን እጠበው!»

ሰዎች ገላገሉን። ነብሮን ተሸክሜ እንስሳት ክሊኒክ ስደርስ ሐኪሙ ፀጉሩን አሽትቶ፣ «ምን ቀባችሁት? ዕቃው የታለ? ወዲያው በሳሙና ታጥቦ ቢሆን ኖሮ...» አለ። ነብሮ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሞተ።

አቶ መና ጠዋት ስቀባው በአጥሩ በኩል አይቶኝ ኖሯል። ባልዲው ውስጥ የነበረውም የሳሙና ውሃ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። ሽማግሌዎች ፊት ይቅር አለኝ፤ ክንዱ እንደተጣመመ ቀረ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ለእህቴ ልጅ በስልክ የነገርኳት ይህን ነው፦ «ወተትም ዘይትም አታጠጪው፣ እንዲያስመልሰውም አታድርጊ። ቆዳውን ነክቶት ከሆነ እጅሽን በፌስታል ሸፍነሽ በሳሙና እጠቢው። የመርዙን ዕቃ ካገኘሽ ይዘሽ ወደ ሐኪም ሩጪ።»

ማታ ደውላ ውሻው እንደተረፈ ነገረችኝ። «ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ?» አለችኝ።

«አንድ ጎረቤቴ» አልኳት። ሲያስተምረኝ እየረገጥኩት እንደነበር ግን አልነገርኳትም።