ኮንጎ የዘመተው ቅቤ

ቅቤ ነጋዴ ስትሆን ሰው ማመን ታቆማለህ። ክፉ ስለሆንክ አይደለም፤ ሥራው ነው። በሆሳዕናም ሆነ በአንጋጫ፣ በሾኔም ሆነ በቦኖሻ ገበያ፣ በኮባ ተጠቅልሎ የመጣን ቅቤ በቀጭን የቀርከሃ ዘንግ ከላይ እስከ ታች ሳልወጋ ገዝቼ አላውቅም። ዘንጉን መዝዤ አሸታለሁ፣ ምላሴን አስነካለሁ፣ ከዚያ ቀና ብዬ ሻጯን አያለሁ። ላዩ ወርቅ የመሰለ ቅቤ ሆኖ መሃሉ የተፈጨ ድንች የሆነበት ቀን አለ። ዘንጉ ቋ ብሎ ድንጋይ የነካበትም ቀን አለ። ሴቶቹ በሀዲይኛ ቅጽል ስም አውጥተውልኛል፤ «ወጊው» እንደ ማለት ነው። እኔ ጉራጌ ነኝ፤ ቋንቋቸውን ግን ሱቅ ውስጥ እያደግሁ ለምጄዋለሁ። እንዳልሰማ ሆኜ አልፋለሁ። የሚሰማ ነጋዴ ፊት ማን ስለ ዋጋ ያወራል?

ጊዜው በጃንሆይ ዘመን፣ ወታደሮቻችን ኮንጎ የዘመቱበት ነው። በከተማው ሬዲዮ ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ አንዱ ሬዲዮ የእኔ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሰው ጨው ሊገዛ ይመጣና ስለ ኮንጎ ሰምቶ፣ ተከራክሮ፣ ጨዉን ረስቶ ይሄዳል። ኮንጎ የት እንዳለች በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ ከጅማ ወዲያ ነው ብሎ ሲምል ሌላው አይ፣ ባሕር አለ በመሃል ይላል። ሁለቱም ከሆሳዕና ወጥተው አያውቁም።

ከሬዲዮው ፊት የማይጠፉ፣ እማማ የምንላቸው አንዲት እናት ነበሩ። ባላቸው ሞቷል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር ቅቤ ያመጡልኛል፤ ስወጋባቸው ቅር የማይላቸው ብቸኛ ደንበኛዬ እሳቸው ናቸው። «ውጋ ልጄ፣ ውጋ፤ ቅቤ አያመውም» ይሉኛል። አንድ ልጃቸው ኮንጎ ነው። የሬዲዮውን አማርኛ ግማሹን አይሰሙትም፤ ዜናው ሲያልቅ ዞር ብለው ፊቴን ያያሉ። ፊቴ ደህና ከሆነ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

መስቀል ሲቃረብ አንድ የገበያ ቀን ቅቤ ሳይሆን ወሬ ይዘው መጡ። ለፈቃድ አንጋጫ የመጣ ወታደር ነግሯቸዋል፦ አዲስ አበባ ጦር ሰፈር ቤተሰብ ለዘማች የሚልከውን ዕቃ እየተቀበሉ በአውሮፕላን ይጭናሉ። ለመስቀል የሚደርሰው አውሮፕላን የሚነሣው ሐሙስ ነው፤ ዕቃ የሚቀበሉት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ። የሚላከው ነገር መፍሰስ የለበትም፤ መሽተትም የለበትም።

ሳቄ መጣ። የእኛ አገር ምግብ የማይሸት ከሆነ ይፈሳል፣ የማይፈስ ከሆነ ይሸታል። ቆጮ ብትልክ አውሮፕላን ነጂው ራሱ ይዘላል። ይህንኑ ነገርኳቸው። አልሳቁም።

«ቅቤ ነው የምልከው» አሉኝ። «ልጄ መስቀልን በቆርቆሮ ሥጋ አይውልም።»

ያ ወታደር ነው እንግዲህ ስለ ቆርቆሮው ሥጋ የነገራቸው። ሌላ የጦር ሜዳ ወሬም ሳይነግራቸው አልቀረም፤ እሳቸውን የያዛቸው ግን የቆርቆሮው ሥጋ ነበር።

ችግሩ ላማቸው ነጥፋለች። የቀረው ዊጆ ነው። ዊጆ የሴቶች የቅቤ ዕቁብ ነው፤ ጎረቤታሞች ቅቤያቸውን ያዋጡና በየተራ አንዷ ጠቅላላውን ትወስዳለች። ወንድ አይገባበትም፣ አይጠይቅበትም። የዚያ ሰሞን ተራ የደረሰው ለአንዲት የሀዲያ ሙስሊም ሴት ነበር፤ ባሏ የእኔን ጭነት አዲስ አበባ የሚያደርሰው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የእሷን የዊጆ ቅቤ ደግሞ ልገዛው እኔ ቀደም ብዬ ተነጋግሬበታለሁ። በመስቀል ሰሞን ቅቤ አዲስ አበባ ምን ያህል እንደሚወደድ ለማንም አላስረዳም።

በማግስቱ ያቺ ሴት ከአምስት ስድስት የዊጆ ጓደኞቿ ጋር ሱቄ ደጃፍ ቆመች። ተራዋን ለእማማ ሰጥታለች። አዲስ አበባ የማደርሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ተስማምተው ጨርሰው ነው የመጡት፤ ለእኔ የሚነገረኝ እንደ አዋጅ ነው።

«ቅቤው ቃል የተገባልኝ እኮ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ኮንጎ ሄደህ ውጋው» አለችኝ።

ሴቶቹ ሱቄ ደጃፍ ላይ እስኪያለቅሱ ሳቁ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንዲህ ያለ ቀን ላይ የሚከራከር ነጋዴ ገበያውን ያጣል፤ እሺ አልኩ።

እሺ ያልኩት ለገበያዬ ስል ነበር። ግን ያ ጉድ ሲጀመር እኔ ራሴ ተነከርኩበት፤ አሁን እንኳ ሳስታውሰው ልቤ ይመታል። ሴቶቹ እማማ ግቢ ትልቅ ድስት ጥደው በኮረሪማና በኮሰረት ሲያነጥሩት ሽታው መንደሩን አዳረሰ። እኔ የዘይት ቆርቆሮ አምጥቼ በአመድና በፈላ ውኃ ደጋግሜ አሳጠብኩ፤ የላምባ ቆርቆሮ ቢሆን ኖሮ ልጁ መስቀልን እንደ ፋኖስ ይውል ነበር። ክዳኑን የሚበይድ ቆርቆሮ ሠሪ ጠራሁ። ሰውየው ጣሪያ እንጂ ቅቤ በይዶ አያውቅም፤ የጋለ ብረቱን ሲያስጠጋ ቅቤው ቀልጦ እንዳይገነፍል ዙሪያውን እርጥብ ጨርቅ አስጠመጠምኩ። ያልመጣ ጎረቤት የለም። ሁሉም ያዛል፣ ማንም አይታዘዝም።

ገና ሳይከደን እማማ ጠጋ ብለው የልጃቸውን የቀንድ ማንኪያ በኪሴ ይዤ እንድልክላቸው ጠየቁኝ። ጦር ማንኪያ አያጣም፣ የተፈቀደው ምግብና ልብስ ነው፣ ተጨማሪ ነገር ብናመጣ ቅቤውንም ያስመልሱብናል ብዬ መለስኩላቸው። ማንኪያውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ወደ ድስቱ ተመለሱ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ረቡዕ ማለዳ ተነሣን። እማማ ዕቃቸውን ለሰው አደራ የሚሰጡ አይደሉም፤ ጋቢና ገብተው በእኔና በሹፌሩ መሃል ተቀመጡ፤ ቆርቆሮው ጭናቸው ላይ ነው። መኪና ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው። ፈሩ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ቅቤው ካልፈራ እኔ ምን አስፈራኝ አሉ።

ቦኖሻን ሳናልፍ የክረምቱ ጭቃ ዋጠን። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ወደ ታች ይሄዳል። ገበሬዎች ዳር ላይ ቆመው ያዩናል፤ መኪና ማውጣት የታወቀ ገቢያቸው ነው፣ አልቸኮሉም። ሹፌሩ ወርዶ በሀዲይኛ፣ ይኼ ለኮንጎ ዘማች የሚሄድ ዕቃ ነው፣ እናቱም ይቺውት ብሎ ጋቢናውን ከፈተላቸው። እማማ ቆርቆሯቸውን ታቅፈው አዩአቸው። ከዚያ በኋላ ገመዱን ማን አመጣው፣ ቅጠሉን ማን አነጠፈው፣ አላውቅም፤ መኪናው እየተጮኸለት ተነቅሎ ወጣ። አንድም ሰው ለክፍያ እጁን አልዘረጋም። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ጭቃ የያዘው ሹፌር ሁሉ የኮንጎ ዕቃ ነው ማለት ጀመረ ሲባል ሰምቻለሁ። ለአንድ ወር ያህል ሠርቶላቸዋል።

ሐሙስ አራት ሰዓት ሲሆን ጦር ሰፈሩ በር ላይ ነን። ሰልፉ ሌላ ገበያ ነው። ሹራብ የያዘ አለ፣ ዳቦ ቆሎ በከረጢት የያዘች አለች፤ አንዱ ከነነፍሷ ዶሮ ይዞ መጥቶ ሲያስመልሱት ይሟገታል። ከፊታችን ጠረጴዛ ላይ አንድ ሃምሳ አለቃ ተቀምጧል፤ ከኋላው የሚጫንበት መኪና ቆሟል። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ሰልፉ እየተሳበ ነው፣ እማማ ቆርቆሮውን ለእኔ እንኳ አይሰጡም።

ተራችን ሲደርስ ሃምሳ አለቃው ቆርቆሮውን አገላብጦ አየ። የታሸገ ነገር ሳይከፈት አይጫንም አለ።

የገበያ ምላሴን ፈታሁ። ከተከፈተ ይፈሳል፣ ከፈሰሰ አይጫንም፤ ስለዚህ ጌታዬ አንድ ነገር ልበል አልኩ፤ በምስማር አንዲት ቀዳዳ ብቻ እንብሳ፣ እኔ በዘንጌ እስከ ታች ወግቼ ላሳይዎት፣ ቀዳዳዋን በሰም እንደፍናለን። ሥራዬ ነው፤ ቅቤ ሲዋሽ አውቃለሁ። ሃምሳ አለቃው ትንሽ አሰበና ምስማር አስመጣ።

ዘንጌን አስገባሁ። ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ልስልስ ብሎ። ፈገግ ልል ስል ከመሃል ቋ አለ።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ግን የራሴን ዕቃ ስወጋ ሰምቼው አላውቅም። ሃምሳ አለቃው ሰማ፤ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ሰማ። ቀና ብዬ ሻጯን እንደማየው እማማን አየኋቸው። እማማ ሰማዩን ያያሉ።

«ይከፈት» አለ ሃምሳ አለቃው።

ክዳኑን በጩቤ ቀደዱት። ሃምሳ አለቃው እጁን አስገብቶ አንድ ጥቁር ነገር መዝዞ አወጣ፤ ቅቤ ተቀብቶ የሚያብለጨልጭ የቀንድ ማንኪያ። ከሰልፉ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

«እማማ፣ ጦሩ ማንኪያ ያጣ መሰለዎት?»

«ያላችሁ የብረት ነው» አሉት። «ቅቤ በብረት ሲበላ ብረት ብረት ይላል። አንተው ቅመስና ፍረድ።»

ማንኪያው እጁ ላይ ነው፣ ቅቤው ማንኪያው ላይ ነው። ሰው ያየዋል ብሎ ግራ ቀኝ ተመለከተ፤ ከዚያ አፉ ውስጥ ከተተው። አገሩን አልጠየቅሁትም፤ ዓይኑን አጨፋፈኑን ሳይ ግን ቅቤ በልቶ ያደገ ሰው እንደሆነ አወቅሁ። ማንኪያውን ሳያወጣ ብዙ ቆየ።

«ማንኪያው ያልፋል» አለ በመጨረሻ። «ቆርቆሮው ግን እንዲህ ተከፍቶ አያልፍም። እኔም ብወድ አልችልም።»

ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ የጦር ሰፈሩ መኪና ሹፌር ሞተር አስነስቷል። መርካቶ ደርሼ በያጅ ይዤ እመጣለሁ ስል ሃምሳ አለቃው ሳቀብኝ። እማማ አላለቀሱም፣ አልለመኑም። ጠረጴዛው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ከፈለጋችሁ እኔን ከነቅቤው ጫኑኝ የሚሉ ይመስላሉ።

ሃምሳ አለቃው አንዴ ማንኪያውን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። ከዚያ ወደ ጦሩ ወጥ ቤት ዞሮ አንድ ወታደር ጠራ፤ የተቀደደ ድስት የሚጠግን ነው። ወታደሩ የብየዳ እርሳሱንና የጋለ ብረቱን ይዞ ሮጦ መጣ። እኔ ዘልዬ ገባሁበት፤ ጨርቁን አርጥበው፣ በዚህ በኩል፣ ቀስ በል፣ አይገንፍል። ቀና ብሎ አየኝና ጠየቀኝ።

«ልጃቸው አንተ ነህ?»

«ነጋዴ ነኝ።»

«ለሰው ዕቃ እንዲህ የሚጨነቅ ነጋዴ አይቼ አላውቅም።»

እውነቱን ነው፤ እኔም አላየሁም። ሰልፈኛው ሁሉ ዙሪያችንን ከቦ ትንፋሹን ይዟል፤ ባለ ዶሮው ሳይቀር። ብየዳው ሲያልቅ ሃምሳ አለቃው ቆርቆሮውን ገልብጦ በራሱ ወረቀቶች ላይ አቆመው። ጠበቅን። አንድ ጠብታ አልወረደም። ማንኪያውን ወታደሩ ከላይ በሲባጎ አሰረው። ቆርቆሮው ከእጅ ወደ እጅ አልፎ መኪናው ላይ ወጣ። መኪናው ከበሩ ሲወጣ ሰልፈኛው አጨበጨበ፤ እኔም ማንንም ሳላፍር ከሁሉ በላይ አጨበጨብኩ።

የእኔ ጭነት መርካቶ ቆሞ ነበር። መሄድ ነበረብኝ። እማማ ግን አውሮፕላኑን ሳያዩ እንደማይመለሱ ነገሩኝ፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ቅቤው ሲነሣ ለማየት ከእሳቸው ብሼ ቸኩያለሁ። ታክሲ ይዤ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ድረስ ወሰድኳቸው። ሰዓቱን ጠብቀን ቆምን። ሆዱ የሰፋ የጭነት አውሮፕላን ነው፤ የጦር ሰፈሩ መኪና አጠገቡ ደርሶ ዕቃውን ሲያራግፍ ከሩቅ አየን። ቆርቆሮው ግን ከዚያ አይታይም።

አውሮፕላኑ ዞሮ መንደርደር ሲጀምር እማማ እጄን ጨመቁ።

«በየት በኩል አስቀመጡት?»

እኔ ምን አውቄ። ከሾኔ እስከ አንጋጫ ያልዋሸሁበት ገበያ የለም፤ እንደዚያ ቀን ግን ቶሎ ዋሽቼ አላውቅም።

«በቀኝ በኩል ነው እማማ።»

«ፀሐይ አያገኘውም?»

«ጥላ ላይ ነው።»

አውሮፕላኑ መሬት ለቀቀ። እማማ ነጠላቸውን አውልቀው፣ በቀኙ ክንፍ አንፃር ሆነው ለመታየት በአጥሩ ሥር እየሮጡ አውለበለቡለት። እኔም ባርኔጣዬን ይዤ ከኋላቸው ሮጥኩ።