ሙላትን ያስጠጣሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ዙሪያውን ዞሬው እመለሳለሁ። ጾም መሻሬን እናገራለሁ፤ ሰው መቀየሜን እናገራለሁ፤ በቅኔ ማኅሌት ቆሜ ሐሳቤ ገበያ ለገበያ ሲዞር መዋሉን እናገራለሁ። እዚያ ነገር ጫፍ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። አባ ኅሩይ መስቀላቸውን አሳልመው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉኛል፤ እኔም እንዳልተፈታሁ እያወቅሁ ተነሥቼ እሄዳለሁ። እንዲህ ስል ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

እንግዲህ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልናገር። ጎንደር ውስጥ ሙላት የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ከመጠጥ ወጥቶ ነበር። መልሼ የከተትሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለበትም።

እኔ ራሴ ሰካራም ነበርሁ። ጣሊያን ወጥቶ አገር ከረጋ በኋላ ባንዱ ደብር በመሪጌትነት አገለግል ነበር። ድምፁ ሸጋ ነው ይሉኝ ነበር። ያንን ድምፅ በአረቄ ሳጥበው ኖሬ፣ በአንድ የክብረ በዓል ማኅሌት ላይ ከነጸናጽሌ በሕዝብ ፊት ተዘረጋሁ። ዲያቆናት ተሸክመው አወጡኝ። በማግስቱ አባ ኅሩይ ቤቴ ድረስ መጡ። አልገሠጹኝም። «አንተን የሚመስሉ ሁለት ሰዎች አሉኝ፤ ቅዳሜ ና» ብቻ አሉኝ።

አንደኛው አያ ደምሴ ነው፤ የኮሶዬ ገበሬ። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንችና ገብስ ጭኖ ይወርድና ሁለት ቀን ጠላ ቤት ይከርማል። አህያዪቱ መንገዱን ስለለመደች ብቻዋን ወደ ቤት ትመለሳለች። ሚስቱ አህያዋን ያለ ሰው ስታይ ምን እንደሆነ ይገባታል። ሁለተኛው ሙላት ነው። ሚስቱ ብርቄ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ማክሰኝት አባቷ ዘንድ ከገባች ከርማለች።

አባ ኅሩይ ሦስታችንን አስቀምጠው «ለዕድሜ ልክ አላስምላችሁም» አሉን። «ለዕድሜ ልክ የማሉትን ብዙ ቀብሬአለሁ። ቅዳሜንና እሁድን ብቻ እርስ በርስ ተጠባበቁ። ሌላውን ቀን ሥራችሁ ይጠብቃችኋል።»

በዚህ ጀመርን። ቅዳሜ ጧት እኔና ሙላት ገበያ እንወርዳለን፤ አያ ደምሴን ግራና ቀኝ ይዘነው እንውላለን። እህሉን ሸጦ ሲጨርስ በጠላ ቤቶቹ በር ማለፍ አለብን። በየደጁ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ቆሟል። እዚያ ሲደርስ አያ ደምሴ ክንዴን ጨምድዶ ይይዘኝና «ምነው መንገዱ ረዘመሳ!» ይላል። ከሰዓት በኋላ ቀሃ ወንዝ ወርደን ጋቢያችንን በእንዶድ እናጥባለን። ማታ ሙላት ቤት ሦስታችንም እናድራለን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ሰንበቴው ጠላ ሲገባ እኛ የሽምብራ ቆሎ ይዘን በወለቃ መንገድ እስኪደክመን እንሄዳለን። ከሦስታችን ያንዱ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሙላት ክር ያቀብለዋል። «ጠቅልሉልኝ» ይላል። እጅ ክር ሲይዝ ይረጋል። እኔ መሪጌታው፣ ድጓ የዘለቅሁት ሰው፣ ስንት ቅዳሜ ያንን ክር እየጠቀለልሁ እንዳመሸሁ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን።

ስምንት ወር እንዲህ ሄደ። እኔ አልወደቅሁም። አያ ደምሴም አልወደቀም። ሙላት ግን መሀል ላይ ወድቆ ተነሥቶ ነበርና የብርቄ አባት ቁርጥ ያለ መልእክት ላኩ። ሰባት ሳምንት ሳይቀምስ ከከረመ በማግስቱ ሰኞ ልጄንና የልጅ ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ፤ መሪጌታው አብሮት ይሁንና ይመስክርልኝ አሉ። መስካሪው እኔ ነኝ። ይህንን ልብ በሉልኝ።

ሰባተኛው ሳምንት በጥቅምት ዋለ። በዓል የለበት፣ ሰርግ የለበት፣ ተራ ቅዳሜና እሁድ። አያ ደምሴ ገብሱ ስለደረሰበት በረዶ ሳይቀድመው ላጭድ ብሎ ቀረ። ሁለታችን ብቻ ሆንን። ቅዳሜን በደኅና አለፍናት። ሙላት ከሰው ልብስ ትርፍራፊ ለልጆቹ ሁለት ቀሚስ ሲሰፋ ዋለ። «አድገው ይሆን? ቁመታቸውን እኮ አላውቀውም» እያለ ጠርዙን አስረዘመው፤ ቢያጥር ማስረዘም አይቻልም፣ ቢረዝም ይታጠፋል ብሎ። ሰፍቶ ሲጨርስ ምስማር ላይ ሰቀላቸው።

እሁድ ጧት ቅዳሴ ልሄድ ስነሣ አልተነሣም። «መሪጌታ፣ እኔ ዛሬ እቀራለሁ» አለኝ። «በሰንበቴው በር ማለፍ ፈራሁ። ነገ እኮ ነው የሚመጡት። በሩን ከውጭ ቆልፈውብኝ ይሂዱ፤ ቁልፉን ይዘውት። ቅዳሴው ሲያልቅ ቶሎ ይምጡልኝ።»

ሰው ራሱን በእጄ ላይ አስቀመጠ። ቆልፌበት ሄድሁ።

ቅዳሴው ሲያልቅ የሰንበቴው ባለ ተራ ሽማግሌ እጄን ያዙኝ። «መሪጌታ፣ ስንት ወር ሸሹን፤ ገብተው ይባርኩልን እንጂ» አሉ። ባርኬ እወጣለሁ አልሁ። ማንም አላስገደደኝም። ባረክሁ። ዋንጫውን ሰጡኝ። ለአፌ ብቻ አልሁ። የመጀመሪያውን ስጠጣ ሙላት ተቆልፎበት እንዳለ አስታውስ ነበር። ሁለተኛውንም ስጠጣ አስታውስ ነበር። ረሳሁ ማለት ብችል ምንኛ በወደድሁ! አልረሳሁም። እግሬን አነሣለሁ እላለሁ፤ እግሬ የኔ አይደለም። የታሰርሁት እኔ እንጂ እሱ አልነበረም። ከዚያ ስወጣ ወደ እሱ መሄድ ሲገባኝ ከደብሩ ጀርባ ካለች ሴት ቤት አንድ ጠርሙስ አረቄ ገዛሁ።

ለምን? ይህን ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ክፉ ነው። ወድቄ ነበር፤ እሱ ግን አልወደቀም። ብቻዬን ወድቄ በሱ ፊት መቆም አቃተኝ። ስለዚህ አብሮኝ እንዲወድቅ ፈለግሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩን ከፈትሁ። ሙላት ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ጠርሙሱ በጋቢዬ ውስጥ ነው፤ ትንፋሼ ግን ቀድሞኝ ገባ። «መሪጌታ» አለኝ። ፊቱ ልክ እንደ ታመመ ሰው ሆነ። ከዚያም እንዲህ አለኝ፦

«ይቀመጡ። ውሃ ላምጣልዎ። ጋቢዎ ውስጥ ያለውን አያሳዩኝ፤ ደጅ ያኑሩትና ይግቡ። እሁድ ገና አላለቀም። የቀረችውን አብረን እናልፋታለን።»

ውሃ አመጣልኝ። ክር አመጣልኝ። ምነው ባልተናገረኝ! ምነው ሰድቦኝ ባስወጣኝ! ይቅር ሲለኝ እኔ ውስጥ አንድ ነገር ተቆጣ። ክሩን ጣልሁት። ጠርሙሱን አወጣሁና ቀዳሁለት። አልፈልግም አለ። ለመንሁት። አልፈልግም አለ። ሰደብሁት። ዓይኑን ከግድግዳው አላነሣም። ያን ጊዜ ዓይኔ በተሰቀሉት ቀሚሶች ላይ አረፈ።

«ይህን ለማን ትሰፋለህ? ብርቄ እንደሁ አትመጣም» አልሁት።

«ማን አለ?»

«በሰንበቴው የማክሰኝት ሰው ነበር። አባቷ ለሌላ ሰው ሊድሯት ቃላቸውን ሰጥተዋል አለ።»

የማክሰኝት ሰው አልነበረም። ማንም ምንም አላለም። በዚያችው ቅጽበት ከልቤ ፈልቆ በአፌ የወጣ ነው።

«እውነትዎን ነው?» አለኝ፤ ድምፁ ቀጥኗል።

«መሪጌታ ይዋሻል?» አልሁት።

ሙላት ቁጭ አለ። ከዚያም እጁን ዘረጋ። ብርጭቆውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሲጨርስ የደገምሁለት እኔ ነኝ። ማልቀስ ሲጀምር ዝም በል ያልሁት እኔ ነኝ። ፀሐይ ሳትገባ ጠርሙሱን ለሱ ትቼ፣ በሩን ክፍት ትቼ ሄድሁ። ያ በር ከተከፈተ በኋላ ሙላት በሰፈሩ የት የት እንደ ዞረ አላውቅም።

ሰኞ ጧት ፊቴን ታጠብሁ፤ ትንፋሼ እንዳይታወቅ ጤና አዳም አኘክሁ። መስካሪው ነኝና መቅረት አልችልም። ስደርስ ብርቄ ልጆቿን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አባቷ በቅሏቸውን እንደያዙ ናቸው። ሙላት መሬት ላይ ተጋድሟል፤ የገዛ ትውከቱ ውስጥ። ትንሺቱ ልጅ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች።

«መሪጌታ፣ አብረውት አልነበሩም?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ቆልፌበት ቅዳሴ ሄድሁ» አልሁ። «ትናንት ስመለስ ሰክሮ አገኘሁት። ከየት እንዳገኘው እንጃ።»

ሙላት ነቅቶ ነበር። ቀና ብሎ ብርቄን አየ። መምጣቷን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ያየኝ አስተያየት ቁጣ የለበትም፤ እንደ መገረም ያለ ነው። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብርቄ ገብታ ሁለቱን ቀሚሶች ከምስማሩ አወረደች። ይዛቸው ወጣች።

በማግስቱ ሄድሁ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። «ለምን ዋሹኝ?» አለኝ። የጣልሁትን ክር ከመሬት አንሥቼ ጠቀለልሁ። ከዚያ «አያ ደምሴ እንዳይሰማ» አለኝ። «እርስዎን አይቶ ነው የቆመው። እርስዎ ወደቁ ሲባል ከሰማ እሱም ይወድቃል። ለሱ ሲሉ ዝም ይበሉ።» በሰንበቴ ዋንጫ መቅመስ ለማንም ወሬ አልሆነምና፣ እኔም ለራሴ ስል ዝም አልሁ። ለአያ ደምሴ ነው እያልሁ ለራሴ ስል።

ሙላት በዚያው ወር ወደ ሑመራ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከሚሄዱ ሰዎች ጋር ወረደ። ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ የጭነት ማኪና ነጂ መሞቱን ነገረን። ወባ ይሁን አረቄ፣ ለይቶ አልነገረንም።

እኔስ? ከዚያ እሁድ ወዲህ አንድ ጠብታ አልቀመስሁም። ወደ ማኅሌቱም መለሱኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አባ ኅሩይ የሚልኳቸው አዳዲስ ሰዎች ይመጣሉ፤ ዛሬ አሥር ደርሰናል። አያ ደምሴ አርጅቷል፤ ለመጣው ሁሉ ወደ እኔ እያመለከተ «ይሄን እዩ፤ አንድ ቀን እንኳ ወድቆ አያውቅም» ይላል። እኔም አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል። ስንት ጊዜ ተነሥቼ ልናገር አልሁ! አፌን ስከፍት የሚወጣው ምክር ነው።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ቆርጬ ተነሣሁ። ማክሰኝት ወርጄ ለብርቄ ልነግራት። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሳጠና ሄድሁ። ብርቄ ጠጉሯ ሸብቷል፤ ልጆቿን ድራ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ስታየኝ ደነገጠች፤ ከዚያ እግሬን ካላጠብሁ ብላ ታገለችኝ። ምሳ አቀረበች፤ በላሁ። ልናገር ጉሮሮዬን ስጠርግ እሷ ቀደመችኝ።

«መሪጌታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያን ሰኞ ምን ሆነህ ነው ሳልለው ተመለስሁ። ትንሽ ብቆይለት፣ ፊቱን እንኳ ባጥብለት ኖሮ ይተርፍ ነበር ይሆን? እሱን የገደልሁት እኔ ነኝ እያልሁ ነው የኖርሁት። እርስዎ አብረውት ነበሩ፤ ያውቁ ይሆናል።»

በሩ ይኸው ተከፈተልኝ። እግዚአብሔር ከዚህ በላይ ምን ያድርግልኝ? አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃት። «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ።

«እሱ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው» አልኋት።

አለቀሰች። እጄን ሳመችው። «እስከ መጨረሻው ከጎኑ የቆሙት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ባርኬአት ወጣሁ። የኔን በደል ተሸክማ እንደ ኖረች እያወቅሁ እላይዋ ላይ ትቼላት ወጣሁ።

እናንተ የምታነቡ ሆይ፣ ይፍታህ አትበሉኝ። መጀመሪያ እሷ ትስማ። ሄዳችሁ ንገሩልኝ እንዳልላችሁ ደግሞ ሥራው የኔ ነው፤ እኔም አቅቶኛል። ዘንድሮም ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሻለሁ። የዚያን እሁዱን ውሸት መጠጥ አናገረው ብትሉልኝ ሰው ሊያምናችሁ ይችላል። ለብርቄ «እግዚአብሔር ያውቃል» ስላት ግን ለሃያ ዓመት ያህል መጠጥ ያልነካው አፍ ነበረኝ።