ሳይበሉ ያለፉት የአቦምሳ ልጆች

ይመዝገብልኝ የምለው በደል ይኸ ነው። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ የአቦምሳ ሚሊሻዎች ወደ ግንባር ሲሄዱ ናዝሬት አረፉ። እኛ የቀበሌው ሴቶች በሬ አርደን ቀይ ወጥ ሠርተን ጠበቅናቸው። አንዳቸውም ሳይቀምሱ ወደ ካሚዮናቸው ተመለሱ። በማግስቱ በስብሰባ ላይ «የእናትን እጅ የናቁ» ተብለው በቃለ ጉባኤ ተጻፈባቸው። ቅዳሜ ለሚያልፉት ወንድሞቻቸውም ምንም እንዳይዘጋጅ ተወሰነ።

የተጻፈው ውሸት ነው። በሬውን ያረደው የእኛ ሰው ነው፤ ልጆቹ ደግሞ እስላሞች ናቸው። በክርስቲያን እጅ የታረደ እንደማይበሉ የናዝሬት ሕፃን ሁሉ ያውቃል። የወጡ አለቃ እኔ ነበርኩ፤ መጠየቅ ሲገባኝ ጭልፋዬን ይዤ «ብሉ እንጂ! አማት ቤት የመጣችሁ መሰላችሁ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

ይኸንኑ ለቀበሌው ሊቀመንበር ነገርኩት። የልጄ እኩያ ነው።

«እማማ፣ የተጻፈ አይፋቅም። ምስክር ያምጡና እናያለን» አለኝ።

«አመጣለሁ» አልኩት።

ረቡዕ

ጎረቤቴ ሞሚና ኦሮምኛውን ከእኔ ይልቅ ስለምታውቅ አብራኝ ወጣች። በአንድ የብርቱካን ጫኝ መኪና ጋቢና ተሳፈርን። መልካሳን ካለፍን በኋላ አቧራው በመስኮት እየገባ ሁለታችንንም ዱቄት አስመሰለን። ሞሚና መንገዱን ሙሉ አልለቀቀችኝም።

«እኔ አጥር ለአጥር እያለሁ ለምን አልጠየቅሽኝም? ባሌ እኮ ቢላዋውን ይዞ ይመጣ ነበር።»

«ረሳሁ አልኩሽ።»

«ጨው ሲያልቅብሽ አትረሺኝም!»

ሹፌሩ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ «እነዚያን ልጆች ከአቦምሳ የጫንኳቸው እኔ ነኝ። ጎህ ሳይቀድ ነው የወጣነው። ናዝሬት ስንደርስ ምን እንበላለን እያሉ ነበር የሚያወሩት» አለን። ተርበው እንደነበር ያን ጊዜ በጆሮዬ ሰማሁ።

አቦምሳ

ከሄዱት የአንዱን እናት አሳዩን፤ አዴ ዘይነባ ይባላሉ፣ «አዴ» እንደ እኛ «እማማ» ነው። ትልቁ ልጃቸው ሄዷል፣ ታናሹ ቅዳሜ ይሄዳል። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ገብስ ያበጥራሉ።

«አካም ጂርቱ» ብዬ በቋንቋቸው ሰላም አልኳቸውና የመጣሁበትን ነገርኳቸው። የጮህኩትንም አልደበቅሁም። ሞሚና ስታስረዳቸው ሰፌዱን አስቀምጠው ትኩር ብለው አዩኝ።

«ልጄን የተቆጣሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እሰይ! እኔንስ መቼ ሰምቶኝ ያውቃል!»

ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ንቀውን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የተራበ ሰው ምን ይንቃል?» አሉ። «ደረቅ ቂጣ ብትሰጪው ይበላ ነበር።»

ምስክርነቴን አገኘሁ ብዬ ልነሳ ስል ከቤት ሁለት ከረጢት አወጡ። አንዱ በቅቤ የታሸ ጭኮ ነው፤ ገብሱ ገና ከሩቁ ይሸታል። ሌላው ደረቅ በሶ ነው።

«ይኸኛው ለልጆቻችን። ያኛው ቅቤ አልነካውም። የነቢያት ጾማችሁ ገብቷል አይደል? የእናንተ ልጆች መንገድ ላይ ምን ይበላሉ ብዬ ነው።»

እኔ ያልጠየቅሁትን እሳቸው ጠይቀው ጨርሰዋል። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። ሞሚናም አየችኝ፤ ደግነቷ፣ ለአንዴ እንኳ አልቀለደችም።

ሐሙስ፣ ናዝሬት

ከመኪናው ወርጄ አቧራዬን ሳላራግፍ ቀበሌ ገባሁ። ከረጢቶቹን ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። የሹፌሩንም የአዴ ዘይነባንም ቃል አንድ ባንድ ነገርኩት። አቀርቅሮ ሰማኝ።

«ይኸኛውስ ለምን ተለየ?» አለ በሶውን እየነካ።

«ለጾመኛ ነው።»

«እማማ፣ እዚህ ጾመኛ የለም» አለ፣ ውጭ ያሉት እንዲሰሙ ጮክ ብሎ። ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋና ከደረቁ በሶ አንድ እፍኝ ዘግኖ ቃመ። እናቱን አውቃታለሁ፤ እንዴት እንዳሳደገችው አውቃለሁ። የበሶውን ከረጢት ወደ እሱ ገፋ አደረግሁለት።

ሊቀመንበሩ ፈቅዶልን ቅዳሜ ሁለት ድስት ጣድን። በአንዱ የሞሚና ባል ያረደው በግ፣ በሌላው የጾም ሽሮ፤ ጭልፋውም ለየብቻ። ካሚዮኖቹ ሲቆሙ ጩኸቴን ትቼ እየዞርኩ «ልጄ፣ አንተ የትኛውን ትበላለህ?» እያልኩ ጠየቅሁ። የአዴ ዘይነባ ታናሹ ልጅ ሁለት ጊዜ አስጨመረኝ። ማወቅ እንደ መጠየቅ እንደማይሆን በዚህ ዕድሜዬ አቦምሳ ድረስ ሄጄ ተማርኩ።

መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤውን ይዞ ወደ ድስቶቹ መጣ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ብለህ ጻፍ» አልኩት።

«አይሆንም፣ እማማ» አለኝ። ብዕሩን አወጣና እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «ልጆቹ አልናቁንም። ሳንጠይቃቸው ስላቀረብንላቸው ተርበው አልፈዋል። ጥፋቱ የሁላችንም ነው።»