ሰማዩን ያበላሸብኝ ሰው

አሁን አሁን ሰማይ ላነሳ ስወጣ፣ ካሜራዬን ከመክፈቴ በፊት ከፊቴ የቆመ ሰው ይኖር እንደሆነ አያለሁ። ማንም የለም፤ እኔ ግን ደጋግሜ አያለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እፈራለሁ።

ጨረቃና የማታ ሰማይ ማንሳት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። እንጀራዬ ማስተማር ነው፤ ይሄ ግን አመል ሆኖብኛል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ቅዳሜ ከገጠመልኝ አንኮበር እሄድና፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ሆኜ ከቆላው ጭጋግ ቀልታ ስትወጣ እጠብቃታለሁ። በአዘቦት ቀን ደግሞ ከደብረ ብርሃን ዳር ካለችው ጉብታ አላልፍም። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል እንጂ ሰማዩስ አይታማም።

ከጉብታዋ ሥር ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች መጠለያ አለ። ከእነሱ አንዱ፣ በእኔ ዕድሜ የሚሆን ገበሬ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እየወጣ ወደ ምዕራብ ዞሮ ይቆም ነበር። አገሩ በዚያ በኩል ስለሆነ ይመስለኛል፤ ጠይቄው አላውቅም። የማውቀው ልክ ቀለሙ ሲያምር መሃሉ ላይ እንደሚገተርብኝ ነው። እየተነጫነጭኩ አነሳለሁ፤ ቤት ገብቼ እሱ ያለበትን ሁሉ አጠፋለሁ።

አንድ ቀን አጠገቤ መጥቶ፣ "ወንድሜ፣ እስቲ እኔንም አንድ ጊዜ አንሳኝ" አለኝ።

"ቆይ፣ ብርሃኑ ሊያልቅብኝ ነው" አልኩት፣ ዓይኔን ከካሜራው ሳልነቅል። ሰማዩ እሳት መስሎ ነበር። እሱም እንደ ልማዱ መሃሉ ላይ ተገተረብኝ፤ ደጋግሜ አነሳሁ። ቀና ስል ወደ መጠለያው ቁልቁል እየወረደ ነው። ተቀይሞኝ ይሆናል ብዬ ትንሽ ከነከነኝ፤ ከዚያ ረሳሁት። ከጥቂት ቀናት በኋላ መምጣቱን ተወ። ሰማዩ ጸዳልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ሳምንታት አልፈው አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ሕፃን አዝላ ቤቴ መጣች። ሰፈሩ "ሰማይ የሚያነሳው" እያለ ስለሚጠራኝ እኔን ማግኘት አያስቸግርም። የዚያ ሰው ሚስት ናት። በሳንባ ምች መሞቱን ነገረችኝ።

"አርባው እሑድ ነው" አለች። "ይዘን የምናለቅስበት ፎቶ የለንም፤ የነበረው ከነቤታችን ተቃጠለ። ይቺም ልጅ ነገ አባቴ ምን ይመስል ነበር ስትለኝ የማሳያት የለኝም። እሱ ግን አንድ ቀን፣ ያ ሰማይ የሚያነሳው ሰውዬ ዛሬ ፎቶ አነሳኝ ብሎ፣ ደስ ብሎት ነበር የገባው።"

አላነሳሁትም ማለት አቃተኝ። እሱ ያለበትን ሁሉ እንዳጠፋሁ እያወቅኩ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። አንሳኝ ካለኝ ምሽት አንዲት ፎቶ ብቻ ተርፋለች፤ ሰማይዋ ስላሳሳኝ አላጠፋኋትም። መሃሏ ላይ ቆሟል። ካሜራውን ለሰማዩ ብርሃን ስታስተካክለው መሬት ላይ ያለው ሁሉ ይጠቁራል፤ እሱም ከራሱ እስከ እግሩ ጥቁር ነው።

"ፊቱን ማውጣት አይቻልም?" አለችኝ።

ሞከርኩ። ብርሃኑን ጨመርኩ፤ እንደገና ጨመርኩ። ፊቱ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ብቻ ወጣ።

"ፊቱ እንኳ የለበትም" አልኳት። "እንደ ሁልጊዜው ወደ ምዕራብ እያየ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የቆመው።" ይህን ያልኩት ጥፋቱ የእኔ እንዳይሆን ብዬ ነው።

እሷ ጣቷን ጥቁሩ ላይ አሳርፋ ቆየች። እኔም ያኔ ነው በደንብ ያየሁት። እግሮቹን ገጥሞ፣ እጆቹን ከጎኑ አጣብቆ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"የለም" አለች ቀስ ብላ። "በሠርጋችን ጊዜ ፎቶ ሲያነሱትም እንዲህ ነው የቆመ። ወዳንተ ዞሯል።"