አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠየቅበት አገር

ከአምቦ የወጣሁ ዕለት፣ አመሻሹ ላይ፣ እማዬ ጭኮ በጨርቅ ቋጥራ አቀረበችልኝ። «አይ፣ ይከብደኛል» አልኩ። ደግማ ሰጠችኝ፤ «ለእናንተ ይሁን» አልኩ። ሦስተኛ ላይ «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ በሞቴ!» ስትል ተቀበልኩ። ገና ስትቋጥረው ቋምጬ ነበር፤ ግን በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል ሰው እኛ ዘንድ ሆዳም ይባላል።

ይህንን አመል ይዤ ጀርመን ገባሁላችሁ! አከራዬ ፍራው ሃንሰን፣ ደግ ባልቴት፣ በመጀመሪያው እሑድ ሾርባ አቀረቡልኝ። «ጠግቤያለሁ» አልኩ። «ጉት»፣ መልካም እንደማለት፣ ብለው ሳህኑን አነሱት። ደግመው ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ አጥበው ደረደሩት። ያን ቀን የደረሰልኝ ጭኮው ነው።

ትምህርቴ የራዳር ሞገድ ጫካ ላይ ሲያርፍ በቅጠሉና በግንዱ እንዴት እንደሚበታተን በሒሳብ ማስላት ነበር። ወንጪ ሐይቅ ዳር ስንጮህ ድምፃችን ከገደሉ ይመለስ የለ? እንደዚያው ነው። አጭሩ ሞገድ ከላይኛው ቅጠል ይመለሳል፤ ግንዱን ለማግኘት ረዘም ያለውን ደግሞ መላክ ያስፈልጋል። ቅጠሉ የያዘውን ውሃ ለማወቅም እርጥቡን መዝኜ፣ አድርቄ፣ እንደገና እመዝናለሁ። አንድ ቀን ፍራው ሃንሰን ቅጠሌን ከምድጃቸው ውስጥ አገኙት።

«ሾርባዬን ንቀህ ቅጠል ትበላለህ?»

የአገሬን ወግ ሳስረዳቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ሲያቀርቡ በጣታቸው እየቆጠሩ ሦስቴ ይጠይቁኛል።

የተሰጠኝ ነፃ የትምህርት ዕድል ሊያበቃ ሲል ሒሳቡ ገና ግማሽ ነበር። ሳልጨርስ መመለስ ማለት ያ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው። የሚያስተምሩኝ ፕሮፌሰር «አንድ ዓመት ላስጨምርልህ?» አሉኝ። አፌ ቀደመኝ፤ «እርስዎን ማስቸገር አይሆንም።»

«ገባኝ» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ማታ ለፍራው ሃንሰን ነገርኳቸው፤ በማግስቱ ኮፍያቸውን ደፍተው ፕሮፌሰሩ ቢሮ ድረስ ሄዱ። «ይሄን ልጅ ደግመው ይጠይቁት!» አሏቸው። ፕሮፌሰሩ ግራ ገብቷቸው ጠየቁኝ፤ ጥያቄውን ሳይጨርሱ እሺ አልኩ። ትምህርቴን የጨረስኩት፣ ሥራም ያገኘሁት በእኚህ ሴት ነው። እግዜር ይስጣቸው፣ ውለታቸውን በምን እከፍላለሁ?

ባለፈው እሑድ በእሳቸው ስልክ አምቦ ደወልኩ። እማዬን ቴሌ ድረስ አስጠርቻት ነበር። ድምፅዋ ከስቷል።

«እማዬ፣ ልምጣ?»

«አይ ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ። ሥራህን ትተህ አትቸገር።»

«እሺ እማዬ» ብዬ ዘጋሁ። ፍራው ሃንሰን በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ምን አለችህ?»

«አትምጣ አለችኝ።»

«ስንት ጊዜ ጠየቅሃት?»